የስድስት ቁጥራችን ረድፍ

ልጁን የጎዳሁት በኤክሴል ነው።

በሐሜት ቢሆን ኖሮ ይቅርታ መጠየቁም ይቀለኝ ነበር። የእኔ ግን ቀለም የተቀባ ሰንጠረዥ ነው፤ ከላይ የቡድናችን ስም፣ ከሥር አሥራ ስምንት ተጫዋቾች፣ ከግራ ወደ ቀኝ ዘጠኝ ዓምዶች። አረንጓዴ ጥሩ፣ ቢጫ መካከለኛ፣ ቀይ ደካማ። የእሱ ረድፍ ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀይ ነበር ማለት ይቻላል። ስሙን አልጠራም፤ ሰፈር ውስጥ ሁሉም ያውቀዋል። የሚለብሰው ማልያ ስድስት ቁጥር ስለነበር እዚህም ስድስት ቁጥር እለዋለሁ።

ነገሩ የሆነው አቃቂ ነው። በዕድሜ የገፉት አሁንም አቃቂ በሰቃ ይሉታል፤ ወረቀት ላይ አቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ ነው። ሌላው የአዲስ አበባ ሰው አቃቂን የሚያውቀው ወደ ደብረ ዘይት ወይም ወደ አዳማ ሲሄድ በመኪና መስኮት ነው፤ ፋብሪካ፣ የከባድ መኪና ሰልፍ፣ አቧራ፣ ወንዙና ድልድዩ፣ ከዚያ አበቃ። እኛ ግን የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካውና የመለዋወጫ ፋብሪካው በፈረቃ የሚያስገቧቸውና የሚያስወጧቸው ሰዎች ልጆች ነን፤ ኳስም ከፋብሪካ ጋር ተያይዞ ነው የምናውቀው። የአገሪቱ ኳስም ቢሆን እንደዚያው ነው። መብራት ኃይል፣ ሙገር ሲሚንቶ፣ የድሬዳዋው ጥጥ ፋብሪካ፤ ኢትዮጵያ ቡናም ከቡና ሠራተኞች የተነሳ ክለብ ነው። አሰልጣኛችንም ጡረታ የወጡ የፋብሪካ ሠራተኛ ናቸው። ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ደሞዝ የላቸውም፤ ያላቸው ፊሽካና አንድ ደብተር ነው።

መቁጠር የጀመርኩት በ2014 ክረምት ነው። ያኔ ከምሕንድስና ተመርቄ ቦሌ አካባቢ ያለ ድርጅት ውስጥ ሶፍትዌር እሠራ ነበር። የክረምቱ የሰፈሮች ውድድር ሲጀመር፣ እግሬ ለኳስ እንደማይሆን ገና በልጅነቴ ስለተነገረኝ፣ በምችለው ልርዳ ብዬ ለስልኬ ትንሽ አፕ ጻፍኩ። አሥራ አንድ የማልያ ቁጥሮች አሉት፤ ቁጥሩን ትነካለህ፣ ከዚያ ድርጊቱን ትነካለህ፤ ጎል፣ ለጎል ማመቻቸት፣ ሙከራ፣ የተሳካ ቅብብል፣ የተበላሸ ቅብብል፣ ኳስ ማስጣል፣ ኳስ ማቋረጥ፣ ሸርተቴ፣ ጥፋት። ጨዋታው ሲያልቅ ሁሉም ወደ ኤክሴል ይገባል። ሦስት ቀን ነው የፈጀብኝ። በሕይወቴ ከጻፍኳቸው ኮዶች ሁሉ እንደዚያ የተወደደልኝ የለም። ልጆቹ ጨዋታ ባለቀ ቁጥር ላባቸው ሳይደርቅ ይከቡኛል፤ «ኢንጂነር፣ እኔ ስንት ነኝ?» ነው ጥያቄው።

ስድስት ቁጥር አንድም ቀን አልጠየቀኝም።

ተከላካይ አማካይ ነው፤ ከመሃል ተከላካዮቹ ፊት የሚቆመው። ቀጭን ነው፣ አይሮጥም፣ ወይም የሚሮጥ አይመስልም። አሥራ አራት ጨዋታ ከቆጠርኩ በኋላ የእሱ ሸርተቴ ከሁሉም ያነሰ ነበር። ኳስ ማስጣሉም ያው። ቅብብሉ አብዛኛው ወደ ኋላና ወደ ጎን። ጎል ዜሮ። በሌላ በኩል የግራ መስመር ተከላካያችን አረንጓዴ በአረንጓዴ ነበር፤ በየጨዋታው አምስት ስድስት ጊዜ በሸርተቴ ኳስ ያወጣል፣ ተመልካች ይጮኻል፣ እናቶች ሳይቀሩ ያጨበጭባሉ። እውነቱን ለመናገር እኔም ቁጥሩን ስነካ ደስ ይለኝ ነበር።

መስከረም ላይ ከታችኛው ሊግ የአንድ ክለብ ሰው መጣ። ተጫዋች መልማይ ነኝ አለ። ያየው የመጨረሻውን ጨዋታ ሁለተኛ አጋማሽ ብቻ ነው፤ ቀድሞ ሊመጣ ነበር፣ ቃሊቲ ላይ መንገድ ዘጋበት። ጋሼን «ልጆቹን በደንብ የሚያሳየኝ ነገር አለ?» ብሎ ሲጠይቃቸው ጋሼ ወደ እኔ ጠቆሙ። ሰንጠረዡን በቴሌግራም ላክሁለት። ዓይኑ እያየሁት በራ። «እንዲህ ዓይነት ነገር እኛም ክለብ የለንም» አለኝ። ያንን ሌሊት በደስታ አልተኛሁም ብላችሁ ትስቁብኛላችሁ።

ለሙከራ ሦስት ልጆች ተጠሩ፤ አጥቂያችን፣ አንዱ የመሃል ተከላካይና የግራ መስመሩ። ጋሼ ስለ ስድስት ቁጥር ለሰውዬው እንደ ነገሩ ጠየቁለት። ሰውዬው ስልኩን አውጥቶ ረድፉን አሳያቸው። ጋሼ መነጽራቸውን አድርገው አዩት፤ ምንም አላሉም። ስድስት ቁጥርም አሥር እርምጃ ያህል ርቆ ታኬታውን እየፈታ ነበር። ቀና ብሎ አየንና መልሶ ወደ ክሩ አጎነበሰ።

ዕድሜው ሃያ አንድ ነበር። እኛ አገር ኳስ ለሚጫወት ልጅ ሃያ አንድ ማለት በሩ ሊዘጋ ሲል ነው።

በዚያው ዓመት መሥሪያ ቤት አንድ ነገር ገጠመኝ። የዓመቱ የሥራ አፈጻጸም ሲገመገም እኔ መካከለኛ ተባልኩ። ምክንያቱ ደግሞ በሥራ ሰሌዳው ላይ የዘጋኋቸው ጉዳዮች ቁጥር ከሌላው ማነሱ ነው። አጠገቤ የሚቀመጠው ልጅ የእኔን እጥፍ ዘግቷል። ደሜ ፈላ። ምክንያቱም ከዘጋቸው ስህተቶች ብዙዎቹን የፈጠራቸው ራሱ ነው፤ ዛሬ አቻኩሎ ይጽፋል፣ ሲበላሽ በሳምንቱ ይጠግናል፣ ሁለቱም ይቆጠርለታል። እኔ የጻፍኩት የክፍያ ክፍል ዓመቱን ሙሉ አንድ ጊዜ አልተበላሸም፤ ስላልተበላሸም ማንም አላነሳውም። ለአለቃዬ ረጅም ኢሜይል መጻፍ ጀመርኩ። «ያልተፈጠረ ችግር ሰሌዳው ላይ አይታይም» የምትል ዓረፍተ ነገር ላይ ስደርስ ጣቴ ቆመ። ታኬታውን የሚፈታው ልጅ ፊቴ ላይ መጣ።

ኢሜይሉን አልላክሁትም። ቪዲዮዎቹን ከፈትኩ።

ከሜዳው ጥግ ካለው ያላለቀ ሕንፃ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ስልክ በገመድ አስረን የቀረጽናቸው አራት ጨዋታዎች ነበሩ። ጥራታቸው ደካማ ነው፤ አንዱ ላይ ግማሹን ጊዜ እርግብ ተቀምጣበታለች። አንድ ሕግ ለራሴ አወጣሁ፤ ኳሱን አላይም፣ ስድስት ቁጥርን ብቻ አያለሁ። ሞክሩት፣ ይከብዳል። ዓይን ሳታውቁት ወደ ኳሱ ይሄዳል። መጀመሪያ ቀን አሥር ደቂቃ እንኳ አልቻልኩም።

በሁለተኛው ቀን ግን ማየት ጀመርኩ። የተጋጣሚው መሃል ተከላካይ ኳስ ይዞ ወደ አሥር ቁጥራቸው ሊሰጥ ሲል ስድስት ቁጥር ወደ ኳሱ አይሄድም። ሁለት እርምጃ ወደ ግራ ይላል፤ በቃ፣ ሁለት እርምጃ። አሁን በኳሱና በአሥር ቁጥሩ መካከል ሆኗል። የተጋጣሚው ልጅ ያየዋል፣ ሐሳቡን ይቀይራል፣ ኳሱን አንስቶ ወደ ፊት ይለጋዋል። የእኛ መሃል ተከላካይ በጭንቅላቱ ይመልሰዋል። ወደ ሰንጠረዤ ተመለስኩና ያችን ደቂቃ ፈለግሁ፤ «ኳስ ማቋረጥ፣ አራት ቁጥር፣ 1»። ለስድስት ቁጥር ምንም።

ሌላ። የግራ መስመራችን ለማጥቃት ይወጣል፤ መውጣት ይወዳል። ስድስት ቁጥር ትከሻውን ዞር አድርጎ ያያል፣ ሳይቸኩል በእርምጃ ወደ ባዶው ቦታ ይሄዳል። ኳስ እንነጠቃለን። የተጋጣሚው የመስመር አጥቂ ወደዚያ ጎን ሊሮጥ ይነሳና ሰው ቆሞ ያገኛል፤ ኳሱን ወደ ኋላ ይመልሳል። ምንም አልሆነም። እኔም ምንም አልነካሁም። እንዲህ ያለውን በአንድ ጨዋታ አሥራ ሰባት ጊዜ አየሁ፤ መቁጠር ልማድ ሆኖብኛል።

አራተኛው ቪዲዮ ስድስት ቁጥር የሌለበት ነው፤ ያን ቀን ሥራ ነበረው። የግራ መስመሩ እንደ ልማዱ ይወጣል። ቦታውን የሚሸፍን የለም። ኳስ እንነጠቃለን፣ አጥቂው ይፈተለካል፣ የግራ መስመራችን እየተንከባለለ ተመልሶ በመጨረሻዋ ሰከንድ በሸርተቴ ያወጣዋል። ጩኸት። አረንጓዴ። የዚያ ልጅ አረንጓዴ ግማሹ የራሱ ስህተት ጥገና ነበር፤ ልክ እንደ መሥሪያ ቤት ጓደኛዬ።

ይህን ስጽፍ ስድስት ቁጥርን መልአክ እያደረግሁት እንዳይመስላችሁ። ቪዲዮው ላይ ዘገምተኛነቱም ይታያል። ጫና ሲበዛበት ኳስ ያባክናል፤ አንዷ ጎል ሆናብናለች። ጭንቅላት ኳስ ላይ ደካማ ነው። ቀዩ ሁሉ ውሸት አልነበረም።

የአክስቴ ልጅ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ነው የሚኖረው። ይህን ታሪክ ስነግረው ሳቀና «ይሄ እኮ የላይንባከር ክርክር ነው» አለኝ። በእነሱ ፉትቦል ላይንባከር ማለት ከፊት መስመሩ ኋላ ቆሞ ኳስ ይዞ የመጣውን መሬት ላይ የሚያነጥፍ ተጫዋች ነው፤ ማንጠፉ ታክል ይባላል። የአክስቴ ልጅ የዋሽንግተን ቡድን ቲፎዞ ነው። እንደ እ.ኤ.አ. ከ2007 እስከ 2013 ለንደን ፍሌቸር የሚባል ላይንባከር ነበራቸው። በ1998 ከትንሽ ኮሌጅ ሲመረቅ ከክለቦቹ ሁሉ አንድም የመረጠው አልነበረም፤ ከዚያ በአሥራ ስድስት ዓመት ውስጥ 256 ጨዋታ አንድም ሳይቀር ተጫወተ። የታክሉ ቁጥር ተራራ ነው። የአክስቴ ልጅና ጓደኞቹ ታዲያ ዓመት ሙሉ የሚጨቃጨቁት በዚሁ ተራራ ላይ ነበር። አንዱ «ይሄን ሁሉ ሰው ያነጠፈ እንዴት ከምርጦቹ አይቆጠርም?» ይላል። ሌላው «የሚያነጥፈው ስምንት ያርድ ካለፉት በኋላ ነው፤ ፊት ያሉት ደካማ ስለሆኑ ሁሉም እሱ ጋ ይደርሳል» ብሎ ይመልሳል። ያስገረመኝ ሌላው ነገር፣ በዚያ ሁሉ ገንዘብና ካሜራ መሃል፣ ታክል የሊጉ ይፋዊ ስታትስቲክስ አለመሆኑ ነው። የሚቆጥሩት በየስታዲየሙ ያሉ የባለሜዳው ቆጣሪዎች ናቸው፤ አንዱ ስታዲየም ለሁለት ሰው የሚያካፍለውን ሌላው ለአንድ ይሰጣል። ሰፈራችን ሜዳ ዳር ድንጋይ ላይ የተቀመጥኩት እኔ ትንሽ ተጽናናሁ።

በእኛው ኳስም ታሪኩ አዲስ አይደለም። ሪያል ማድሪድ በ2003 ክረምት ቤካምን ገዛ፤ በዚያው ክረምት ደሞዝ ይጨመርልኝ ያለውን ክሎድ ማኬሌሌን ለቼልሲ ሸጠ። ማኬሌሌ ጎል አያገባም፣ ረጅም ኳስ አይሰጥም፤ ዛሬ ቦታው ራሱ በስሙ እስኪጠራ ድረስ ሥራው ምን እንደነበር በቁጥር ያስረዳ ሰው አልነበረም። ማድሪድ እስከ 2007 ድረስ የስፔንን ሊግ አላነሳም። ያፕ ስታም ደግሞ በ2001 ከማንቸስተር ዩናይትድ ወደ ላዚዮ ሲሸጥ፣ የታክል ቁጥሩ መቀነሱ ነው ምክንያቱ ተብሎ ብዙ ተወራ። ፈርጉሰን በኋላ መሳሳታቸውን አምነዋል። ተከላካይ ሲበስል ሸርተቴው እንደሚቀንስ ለማወቅ ፈርጉሰን መሆን አያስፈልግም፤ እኔም ያወቅሁት ግን ልጁን ከጎዳሁ በኋላ ነው።

ተቃራኒውም አለ፤ ካንቴ። ሌስተር ሻምፒዮን በሆነበት በ2015/16 ካንቴ በሊጉ ኳስ በማስጣልም በማቋረጥም አንደኛ ነበር፤ በቀጣዩ ዓመት ቼልሲ ሄዶ ድጋሚ ሻምፒዮን ሆነ። ቁጥሩ ትልቅ ነበር፣ ልጁም ትልቅ ነበር። እዚህ ላይ «አየህ፣ ዳታ ይሠራል» የሚሉኝ የሥራ ባልደረቦች አሉኝ። አልክድም። ግን ያን ዓመት ሌስተር ኳስ እጅግ ጥቂት ከሚይዙት የሊጉ ቡድኖች አንዱ ነበር። ተጋጣሚ ኳሱን ይዞ ከዋለ የማስጣል ዕድሉም ይበዛል። ስለዚህ «ስንት ጊዜ አስጣለ?» ከማለት በፊት «ከስንት ዕድል?» ማለት ያስፈልጋል፤ ማካፈል የአራተኛ ክፍል ሒሳብ ነው። የእኔ ሰንጠረዥ ማካፈል የሚባል ነገር አልነበረውም፤ ድምር ብቻ። የምሕንድስና ዲግሪ ይዤ!

ስለ ቁጥር ካነሳን 2005ን መዝለል አልችልም። የኔ ዕድሜ ልጅ የሆነ ሁሉ ያቺን እሑድ ያስታውሳታል፤ ሰኔ 9 ቀን። ዋልያዎቹ አዲስ አበባ ላይ ደቡብ አፍሪካን 2 ለ 1 አሸነፉ፤ ጌታነህ ከበደ አንድ አገባ፣ ሁለተኛዋን የደቡብ አፍሪካው ፓርከር በራሱ ጎል ላይ አስቆጠረልን። ለ2014ቱ የዓለም ዋንጫ የመጨረሻ ዙር ደረስን ብለን አቃቂ ዋናው መንገድ ላይ ከባድ መኪኖች ሳይቀሩ ጥሩንባ ሲነፉ ነበር። በዚያው ቀን ፊፋ ምርመራ መክፈቱን አስታወቀ። ሳምንት ቀደም ብሎ፣ ሰኔ 1፣ ቦትስዋናን 2 ለ 1 ባሸነፍንበት ጨዋታ የተሰለፈው አማካይ ምንያህል ተሾመ ከዚያ በፊት በነበሩ ሁለት ጨዋታዎች ሁለት ቢጫ አይቶ ኖሯል፤ መቀጣት ነበረበት። የቆጠረ ሰው አልነበረም። ፌዴሬሽኑም ስህተቱን አመነ። ውጤቱ ተገልብጦ 3 ለ 0 ተሸናፊ ተባልን፤ ሦስት ነጥብ ሄደ። ከዚያ ብራዛቪል ላይ መካከለኛው አፍሪካን 2 ለ 1 አሸንፈን ለፍጻሜው ዙር ደረስን፤ ናይጄሪያ አዲስ አበባ ላይ 2 ለ 1፣ ካላባር ላይ 2 ለ 0 አሸንፋን ቀረን።

ያን ቀን አሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር። ምናልባት የመቁጠር አባዜዬ የጀመረው እዚያ ነው፤ «እንዴት ሁለት ድረስ የሚቆጥር ሰው ይጠፋል?» ብዬ ሳምንት ሙሉ ተንገብግቤያለሁ። ዛሬ የሚታየኝ ግን ሌላ ነው። ምንያህልን በዓለም ፊት ያሳወቀው ሁለት የሚባለው ቁጥር ነው። ትክክለኛ ቁጥር ነው፣ ይፋዊ ነው፣ የአንድ አገርን ሕዝብ አስለቅሷል። ስለ ተጫዋቹ አጨዋወት ግን ምን ይነግራል? መሃል ሜዳ ላይ ኳስ እንዴት እንደሚቀበል፣ ከማን ጋር እንደሚግባባ? ምንም። ቢጫዎቹን መቁጠርም የእሱ ሥራ አልነበረም።

የዋንጫችንም ነገር ያው ነው። ጥር 13 ቀን 1954 ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፈን የአፍሪካ ዋንጫ ስናነሳ ያገቡትን ጋሼ እንደ አባታችን ሆይ ይጠሯቸዋል፤ ተክሌ ኪዳኔ፣ ኢታሎ ቫሳሎ ሁለት፣ መንግሥቱ ወርቁ። «ከመቶ ሃያው ደቂቃ ግብፅ ሦስተኛ እንዳታገባ የያዘው ማን ነበር?» ብዬ አንድ ቀን ጠየቅኋቸው። ጥቂት አሰቡ። «ሁሉም ነዋ!» አሉ ተቆጥተው።

ወደ ልጁ ልመለስ። ጥፋቴን በቁጥር ለማረም ሞከርኩ፤ ሌላ ምን አውቃለሁ? ስድስት ቁጥር ሜዳ ላይ እያለ የገባብንን ጎልና የተሞከረብንን ሙከራ ከሌለበት ጊዜ ጋር አነጻጸርኩ፤ በደቂቃ አካፍዬ። ውጤቱ ደስ የሚል ነበር። እሱ ካለ የሚሞከርብን በግማሽ ያህል ይቀንሳል። ግራፉን ለጋሼ ልልክላቸው ስል ግን ውስጤ ያለው ምሕንድስና የተማረ ሰውዬ ክንዴን ያዘኝ። አሥራ አራት ጨዋታ ምን አላት? ስድስት ቁጥር የቀረባቸው አራት ጨዋታዎች ናቸው፤ ከአራቱ ሁለቱ ውድድሩን ከበላው ቡድን ጋር ነበሩ፤ ማንም ቢሰለፍ ይበዛብን ነበር። በአንዱ በረኛችንም አልነበረም። የግራ መስመሩን ንጉሥ ያደረግሁት ቁጥሩን ስለወደድኩት ነው፤ አሁን ደግሞ ስድስት ቁጥርን ንጉሥ ላደርግ ነው፣ ስለተጸጸትኩ። ግራፉን ዘጋሁት።

ጋሼን ሄጄ ነገርኳቸው። በረንዳቸው ላይ የእግር ውሃ ውስጥ እግራቸውን ነክረው ተቀምጠው ነበር። የምጠብቀው «እኔ ድሮም አውቄ ነበር» እንዲሉኝ ነው። አላሉም። «ወረቀቱ ሲያምር እኔም አመንኩት፤ ያን ልጅ አራት ዓመት ሳሰልፈው ለምን እንደማሰልፈው አውቅ ነበር፣ ያን ቀን ግን ለሰውዬው ማስረዳት አቃተኝ። ቃል አጣሁለት» አሉ። ከዚያ ፎጣ አቀብለኝ አሉኝ።

ቃል አጣሁለት። ይቺ ነገር አልለቀቀችኝም። ለጎል ስንት ቃል አለን፤ ቆረጠ፣ መታ፣ አሻማ፣ ሸወደ። ሁለት እርምጃ ወደ ግራ ሄዶ አንድን ሐሳብ ለሚያስቀይር ሰው ግን ከ«ቆመ» ሌላ ምን ቃል አለን? የፕሪሚየር ሊጋችን ጨዋታዎች በቴሌቪዥን ሲታዩ ካሜራውም ቢሆን ኳሱን ነው የሚከተለው፤ የእኔ ጣትም እሱን ነበር የተከተለው።

ከሙከራው ሁለቱ ተመለሱ። የመሃል ተከላካዩ እዚያው ቀረ፤ ጥሩ እየሠራ ነው። የግራ መስመሩ የተመለሰው በሦስት ሳምንት ነው፤ «ቦታህን አትጠብቅም አሉኝ» ብሎ ነገረን። እሱንም ጎድቼዋለሁ ማለት ነው፤ ያልሆነውን ነህ ብዬ ላክሁት።

ስድስት ቁጥር በዚያ ዓመት ከቡድኑ ቀረ። ባጃጅ ይዞ ነው አሉ፣ ወደ ቱሉ ዲምቱ መስመር። እኔ ደግሞ ያን መንገድ መሸሽ ጀመርኩ። ስምንት ወር ያህል ታክሲ ስጠብቅ እንኳ ባጃጅ ካየሁ ወደ ሱቅ ገባ እል ነበር። አንድ ቀን ማታ ዝናብ ሆነና እጄን ዘረጋሁ፤ ቆመ፤ እሱ ነው።

«ኢንጂነር! ግባ፣ ትበሰብሳለህ።»

ከኋላ ተቀምጬ ጭንቅላቱን እያየሁ ሄድን። ጭቃ ነው፣ ጉድጓድ ነው፤ እሱ ግን ጉድጓዱ ከመታየቱ በፊት ነው የሚያጥፈው። እንዲሁ ዝም ብዬ መውረድ እችል ነበር። ድልድዩን ስናልፍ ነገርኩት። ሰንጠረዡን፣ ቪዲዮዎቹን፣ ሁለቱን እርምጃ፣ ያካፈልኩትንና ያልላክሁትን ግራፍ፣ ሁሉንም፤ ሳይሆን አይቀርም ከሚገባው በላይ አወራሁ።

«ያ ቁጥር እኮ ልክ ነው» አለ በመስታወቱ እያየኝ። «ሸርተቴ አልወድም። እናቴ በእጇ ነው የምታጥበው፤ ጭቃ ይዤ ስገባ ምን እንደምትለኝ አንተ አታውቅም።»

ሳቅሁ። እሱ ብዙም አልሳቀም።

«ግን ያን ቀን አንድ ነገር ገርሞኝ ነበር» አለ ትንሽ ቆይቶ። «አሥራ አራቱንም ጨዋታ ሜዳ ዳር ነበርክ። አንድ ቀን እንኳ ምን እየሠራህ ነው ብለህ አልጠየቅኸኝም።»

ዝናቡ የባጃጁን ሸራ ይደበድባል። መልስ አልነበረኝም። ይቅርታ አልኩት፤ እሺ አለ፤ እሺው ምን ያህል እሺ እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም።

«መሃል ላይ ስትቆም ምንድን ነው የምታየው?» አልኩት።

«አሁን?»

«አሁን።»

ፍጥነቱን ቀነሰ። የተጋጣሚውን ልጅ እግር ሳይሆን ትከሻውን እንደሚያይ፣ ትከሻው ከተከፈተ ኳሱ ወዴት እንደሚሄድ፣ ከኋላው ያለውን አሥር ቁጥር ሳያይ በድምፁ እንዴት እንደሚያውቀው፣ የግራ መስመራችን ሊወጣ ሲል እንደሚያስል ነገረኝ። «እውነቴን ነው፣ ያስላል። ሁሌም።» አንድ እጁን ከመሪው አንስቶ በአየር ላይ አሥራ አንድ ሰው አሰለፈልኝ። ቤቴ ደርሰን ሞተሩን አጥፍቶ ሃያ ደቂቃ ያህል አወራኝ። ሁለት ተሳፋሪ መጥቶ «ሥራ የለም» ብሎ መለሰ።

ሒሳብ ልከፍል ስል እጁን አራገበ። ግድ አልኩት፤ ተቀበለ፤ መልስ ቆጥሮ ሰጠኝ።

«ቪዲዮዎቹን በቴሌግራም ላክልኝ» አለኝ ሞተሩን እያስነሳ። «እርግቧ ያለችበትንም።»